ባለ ሁለት ርዕሱ ድልድይ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሁለት ቢላ» ነው የሚሉት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በሁለት ቢላ ስለሚበላ ነው። አንድ ባለሀብት ሁለት ጋዜጣ አለው፤ ሁለቱም የሚዘጋጁት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ትልቁ ጋዜጣ ፎቅ ላይ፣ ትንሹ ጋዜጣ ምድር ቤት። በሮቻቸው በሁለት መንገድ ላይ ስለሆኑ አንባቢው ዘመድ መሆናቸውን አያውቅም፤ ቢያውቅ ሁለቱም ወገን ያፍራል። የሁለቱንም የፊት ገጽ ርዕስ የሚያወጣው ግን አንድ ሰው ነው። ከረባቱን ሲያስር የላይኛው ይሆናል፣ ሲፈታ የታችኛው። ደረጃው መሐል ላይ ካለው መስኮት ፊት ቆሞ ሲያስርና ሲፈታ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ነገር ይሆናል፤ እሱ ሁለት ጊዜ ስም ያወጣለታል። ስኳር ከገበያ የጠፋ ጊዜ፣ ላይ ፎቅ «የስኳር አቅርቦትን ማሻሻል በሚቻልበት ሁኔታ ላይ ውይይት ተካሄደ» ብሎ ጻፈ፤ ከረባቱን ፈትቶ ወረደና «ሻይ በጨው ልንጠጣ ነው» አለ። አንድ ኃላፊ ከቦታው የተነሳ ጊዜ፣ ላይ ፎቅ «በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ» ሆነ፤ ታች «ከወንበሩ ተጣብቀው በስንት ጉተታ ተላቀቁ»። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ሁለቱም እውነት ናቸው ብሎ የሚምል ሰው ከተገኘ ግን ሁለቱንም አላነበበም ማለት ነው።

ላይ ፎቅ ማንም ምንም አያደርግም፤ ሁሉም ነገር ይደረጋል። ይገለጻል፣ ይጠቆማል፣ አቅጣጫ ይቀመጣል። የፊት ገጹ ፎቶ ሁልጊዜ ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ዙሪያውን ሰዎች፣ ከሰዎቹ ፊት የውሃ ጠርሙስ። ፎቶ አንሺው ሲታመም ያለፈውን ሳምንት ጠረጴዛ መልሰው ያወጡታል፤ እስከ ዛሬ የነቃ የለም። ምድር ቤት ደግሞ ጠረጴዛ የሚባል ነገር አይወጣም፣ ፊት ነው የሚወጣው። አፉን የከፈተ፣ እንባው የወረደ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጓተት ሰው ፊት። ከሥሩ ጉዱ በቀይ ቀለም፣ ጣት በሚያህል ፊደል ይጻፋል።

አንባቢዎቹም እንደዚያው ናቸው። የትልቁ ጋዜጣ አንባቢ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ተኝቶ ሳለ የሆነ ቦታ የሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ጉዳዩን እንደያዙት ሊነገረው ይፈልጋል። የትንሹ ጋዜጣ አንባቢ ማንም ምንም እንዳልያዘ ያውቃል፤ የሚፈልገው ከእሱ የባሰበት ሰው መኖሩን ነው። የመጀመሪያው ጋዜጣውን ሁለት ክንድ ዘርግቶ አውቶቡስ ውስጥ የጎረቤቱን አፍንጫ እየመታ ያነባል። ሁለተኛው አራት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ጋዜጣ አላነብም ሲልም አይኑን አያሽም።

ሁለት ቢላ ይህን ሁሉ የተማረው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከአማቶቹ ነው።

የሚኖረው ከሚስቱ ጋር በወላጆቿ ግቢ፣ በጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የሚስቱ አባት ጡረታ የወጡ የሚዛን ተቆጣጣሪ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን ኪሎ ከራሳቸው ኪሎ ጋር ሲያመዛዝኑ ኖረው፣ ዛሬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአገር ጉዳይ ያመዛዝናሉ። ትልቁን ጋዜጣ ከፊት ገጹ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ሳያነቡ አያጥፉትም። ሲዘረጉት ከጉልበታቸው እስከ ባርኔጣቸው ስለሚከልላቸው በግቢው በር የሚያልፍ ሰው ጋዜጣውን ሰላም ብሎ ያልፋል፤ ጋዜጣውም ከውስጥ «ደህና» ይላል።

የሚስቱ እናት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉ አዋላጅ ናቸው። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ወደዚህ ዓለም የገባው በእሳቸው እጅ ነው። ትንሹን ጋዜጣ ይወዳሉ። ባለቤታቸው «የመንደር ሐሜት በቀይ ቀለም» ብለው ከቤት ስላገዱት ግን፣ ሽንኩርት ሻጯ ከዘንቢሉ ሥር ከትታ ትሰጣቸዋለች። ሽንኩርቱ አንድ ኪሎ ሆኖ ዘንቢሉ ለምን ወፈር እንደሚል ለሚዛን ተቆጣጣሪው ታይቷቸው አያውቅም።

ሁለት ቢላ ምሳውን እቤት ነው የሚበላው። ከምሳ በፊት ላይ ፎቅ ያረቃል፣ ከምሳ በኋላ ታች ይጽፋል፤ በመካከሉ ርዕሶቹን አማቶቹ ላይ ይሞክራል። እንዲህ ነው የሚያደርገው፦ እጁን እየታጠበ፣ መንገድ ላይ የሰማ መስሎ፣ አንዱን ርዕስ ጣል ያደርጋል። ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ሦስት ጊዜ ከነቀነቁ ርዕሱ ለላይ ፎቅ ሆነ ማለት ነው። አዋላጇ ከምሳ በኋላ ዳንቴል ይሠራሉ፤ ኪሮሻቸው ከእጃቸው ላይ ቀጥ ካለ ርዕሱ ለታች ሆነ። ካልነቀነቁም፣ ካልቆመም፣ ሌላ ይፈልጋል። ባልደረቦቹ «የምሳው ሰዓት ምን አለበት፣ ሁሌ ርዕስ ይዞ የሚመለሰው?» እያሉ ይደነቃሉ።

በነዚህ ዓመታት አንድ ምኞት ነበረው። አንድ ርዕስ፣ አንድ ብቻ፣ ተቆጣጣሪውን አስነቅንቆ የአዋላጇን ኪሮሽ የሚያቆም። አልሆነለትም። ተቆጣጣሪው ሲነቀንቁ የአዋላጇ ኪሮሽ እንደ ባቡር ይነጉዳል፤ ኪሮሹ ሲቆም የተቆጣጣሪው አንገት ይደርቃል።

አማቶቹ ትልቁ ጋዜጣ ጋ እንደሚሠራ ያውቃሉ። ስለ ምድር ቤቱ አልነገራቸውም። ሰው የሚያፍርበትን እንጀራ ከበላ በኋላ አፉን ይጠርጋል።

የሰፈሩን ሰው ከገበያው የሚለየው አንድ ሸለቆ ነው፤ በሸለቆው ላይ የእንጨት ድልድይ አለ። ድልድዩ ከሰባት ሳንቃ አንዱ የጎደለው፣ ሌላው የላላ ነበር። ተቆጣጣሪው ስለዚህ ድልድይ ለትልቁ ጋዜጣ ዐሥራ አራት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ኅዳጉን በማስመሪያ አስምረው። የመጀመሪያው ደብዳቤ በሰባተኛው ገጽ አራት መስመር ሆኖ ወጣ። የቀሩት ዐሥራ ሦስቱ ላይ ፎቅ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል፤ ሁለት ቢላ መሳቢያውን በከፈተ ቁጥር የአማቱን ጽሕፈት ያይና መልሶ ይዘጋዋል። በፊት ገጽ ግን «በድልድዩ ላይ ጥናት ሊካሄድ ነው» ብሎ ጽፏል። በዓመቱ «የድልድዩ ጥናት በጥሩ ሂደት ላይ ነው» ብሏል። ቀጥሎም «የጥናቱ አካሄድ ሊጠና ነው»። ተቆጣጣሪው ሦስቱንም ጊዜ ነቅንቀዋል።

«መልስ እስኪመጣ ከዚህ ቤት ማንም በዚያ ድልድይ አይሄድም» ብለው አዘዙ። «በዋናው መንገድ ዙሩ።» በዋናው መንገድ አርባ ደቂቃ ነው። ሁሉም «እሺ» አለ፤ ሁሉም በድልድዩ ሄደ።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የምድር ቤቷ አለቃ ደወለች። ይህች ሴት ከመልካም ዜና ጋር ቂም ያላት ነው የምትመስለው።

«ሁለት ቢላ፣ ከነከረባትህም ቢሆን ቶሎ ውረድ። የሳምንቱ ፎቶ መጥቷል።»

ወረደ። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከድልድዩ ሳንቃ መሐል ከወገባቸው በላይ ብቅ ብለዋል። አንድ እጃቸው ዣንጥላ ዘርግቷል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ አምስት ስድስት ሰው ከበብ ብሎ ይጎትታቸዋል። ሁለት ቢላ ሳቀ። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ሳቁ ሳያልቅ ርዕሱ መጣለት፤ «ድልድዩ ጎረሳት፣ መዋጥ ግን አቃተው»። አፉን ሊከፍት ሲል ሻሉን አየ።

ሰማያዊ የዳንቴል ሻል ነው። ሲሠራ አንድ ዓመት ሙሉ ከምሳ በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ክፍተት አለች፤ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሚስት የጻፈውን ርዕስ የሞከረ ቀን፣ ኪሮሹ ድንገት ቆሞ የተዘለለች። ክፍተቷ በፎቶው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች አለቃዋ።

«እያሰብኩ ነው። "አንዲት እናት በድልድይ ላይ ችግር ገጠማቸው" ብንልስ?»

አለቃዋ መነጽሯን አወለቀች። «አማትህ የሆኑ ይመስል ምን ያለሳልስሃል? እስከ አሥር ሰዓት ሰው የሚያስቆም ነገር አምጣልኝ። ሂድ፣ ምሳህን ብላ።»

ደረጃው ላይ ሚስቱ ደወለች። አስተማሪ ናት፤ የደወለችው ከትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ነው። «እማዬ ድልድዩ ላይ ወድቃ ነበር። ደህና ናት፣ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ለአባዬ ደጃፍ ላይ ተደናቀፍኩ ብላዋለች። አደራህን፣ በድልድዩ ሄደች የሚባል ነገር እንዳይሰማ። ጨርሶ ማንም እንዳይሰማ።»

«ማንም?»

«ማንም። ታውቃታለህ አይደል፣ መሳቂያ ከምትሆን ብትሞት ትመርጣለች።»

ሁለት ቢላ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኚህ ሴት ባይኖሩ ኖሮ ሚስት አያገኝም ነበር፤ ተቆጣጣሪው «ርዕስ መጻፍ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለው እንቢ ሲሉ፣ «ስም ማውጣት ነው፤ ስም የሌለው ልጅ አይኖርም» ብለው የዳሩለት እሳቸው ናቸው። አሁን እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ለእሳቸው ስም ያውጣ ተብሏል። ምናልባት ትልቁ ጋዜጣ ቢይዘው በክብር ይወጣል ብሎ አሰበና ከረባቱን አጥብቆ ወደ ላይ ወጣ። የላይኛው ዋና አዘጋጅ ቀና እንኳ አላሉም።

«መግለጫ ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያው አልሆነም።»

እቤት ሲደርስ ተቆጣጣሪው በልተው በረንዳ ላይ የጨረታ ማስታወቂያውን ይዘዋል። አዋላጇ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ዳንቴላቸውን ይሠራሉ። ቁርጭምጭሚታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ የልጅ ራስ አክሏል። ሁለት ቢላ ሰላም አለ፣ ተቀመጠ፣ ማንኪያውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ከዚያ የልማድ ነገር ሆኖበት፣ ሌላ መነጋገሪያም ስላላወቀ፣ እጁን ሳይታጠብ ጀመረ።

«ዛሬ መንገድ ላይ... አንዲት እናት በድልድይ ላይ ችግር ገጠማቸው ሲሉ ሰማሁ።»

ኪሮሹ አልቆመም።

«ይኼ ለላይኛው ነው ለታችኛው?» አሉ አዋላጇ፣ ቀና ሳይሉ።

ሁለት ቢላ ጆሮው ጋለ። «የምን ላይ... የምን ታች እናቴ?»

«ልጄ፣ እኔ ሰው ሳይናገር ምጡ የት እንደደረሰ ከፊቱ ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰኞ ምሳ ላይ የምትጥላትን ማክሰኞ ከሽንኩርት ሥር አነባታለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? አንተ እጄን ታያለህ፣ እኔ አንተን አያለሁ። ፊትህ ደክሞ ከመጣህ ርዕሱ የማይረባ ቢሆንም አቆምልሃለሁ።»

ይህች ነገር ከሁሉም በላይ ከነከነችው። በሥራ ዘመኑ ከሚኮራባቸው ርዕሶች ስንቶቹ በራሳቸው ብርታት፣ ስንቶቹ በርኅራኄ እንዳለፉ ከእንግዲህ አያውቅም። ለጊዜው ግን ተወው።

«ፎቶው ደርሷል?» አሉ።

«ደርሷል።»

«ሻሌ ይታያል?»

«ይታያል።»

«አፌስ?»

«ተከፍቷል።»

«የተከፈተው "በብብቴ ግቡ፣ እጄን አትጎትቱ" ስል ነው። መጮኼ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በእጄ ተወልደው አወላለድ አልተማሩም።»

«እናቴ፣ እኔ አልጽፈውም» አለ። «ሌላ ሰው ይጻፈው። ሥራውን ብለቅም ልልቀቅ።»

አዋላጇ ኪሮሹን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ተቆጥተዋል። «የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጊዜ ለምን አልለቀቅክም? የሰው ሚስት ስለሆነች ነው? እኔስ ብሆን እጄ ቆሞ የለ? በሬ ካራጁ ይውላል ይላሉ፤ እኔ ካራጄ ጋር መዋል ብቻ አይደለም፣ ቢላውን ስስልለት ነው የኖርኩት። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ፤ ምን ይደረግ።»

«ሰው ይስቅብዎታል።»

«ይስቃል። አየህ፣ እኔ ወፍራም ስለሆንኩ ወገቤ ላይ ያዘኝ። ቀጭን ሰው ቢሆን አልፎ ነበር የሚወርደው። ሥሩ ድንጋይ ነው፣ ተንጠልጥዬ አይቼዋለሁ። አባትህ ዐሥራ አራት ደብዳቤ ጻፈ። ላይኛው ጋዜጣ ምን አደረገ? አስነቀነቀው። በል አሁን፣ እውነተኛውን ርዕስ ንገረኝ። ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ የመጣልህን።»

ሁለት ቢላ መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። «ድልድዩ ጎረሳት፣ መዋጥ ግን አቃተው።»

 የአዋላጇ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ባለቤታቸው እንዳይሰሙ ዳንቴሉን አፋቸው ላይ ይዘው እግራቸው እስኪያማቸው ሳቁ። «አስበኸዋል እንዴ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጥሩ ነው። ግን እዚያ ውስጥ እኔ ጉርሻ ነኝ፣ አፍ የለኝም። መሳቂያ ከሆንኩ ላይቀር እኔው ልናገር። ጻፍ፦ "ስንቱን ጎትቼ ያወጣሁ አዋላጅ፣ ዛሬ ጎትተው አወጡኝ"።»

ጻፈ። 

«ዕድሜዬን እንዳታስገባ። ደግሞ አንድ ነገር። ድልድዩ ከተሠራ በአባትህ ደብዳቤ ነው የተሠራው። ላይ ፎቅ እንደዚያ ብለህ ታወጣልኛለህ።»

ከበረንዳው በኩል ጋዜጣው ገጽ ሲገለብጥ ተሰማ።

ረቡዕ ጠዋት ትንሹ ጋዜጣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ሽንኩርት ሻጯ አንዱን ከመደቧ በላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው። ጎታቾቹ ፎቶው ላይ ስድስት ነበሩ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሆኑ፤ ሰፈሩ ውስጥ «እኔም ነበርኩ፣ እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው» የማይል ጠፋ። ሰው ጉድጓዱን ለማየት ከሌላ ሰፈር መጣ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ሲጠራ ዋለ፤ የጥናቱ ባለቤት ነን የሚሉ ሦስት ክፍሎች ጥናቱን እርስ በርስ ቢፈላለጉት አልተገኘም። ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ዐርብ እንጨት ወረደ። ማክሰኞ ድልድዩ አለቀ፣ ያውም ከብረት መደገፊያ ጋር። ለሁለት ዓመት የተጠናው በስድስት ቀን ተሠራ።

አዋላጇ ደግሞ «እማማ ጎትቱኝ» ሆኑ። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን አብረው ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ሲያልቅ ልጃቸውን ላኩ፤ እግራቸው ግን በዱላ መራመድ ችሎ ነበር። ሁለት ቢላ ይህን አየ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ምንም ርዕስ አልሞከረም።

ከተማው ሁሉ ሲያወራ አንድ ሰው ብቻ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጎረቤቶች በግቢው በር ሲያልፉ ጋዜጣውን «እንኳን አተረፈልዎ» ይሉታል፤ ጋዜጣው «አሜን፣ ደጃፉን አስጠግነዋለሁ» ይላል። ተቆጣጣሪው በርግጥም አስጠገኑት። ረቡዕ ዕለት ግንበኛ ጠርተው፣ ራሳቸው ከጎኑ ቆመው፣ በማንም ላይ ክፉ ያላደረገውን ደጃፍ አስፈርሰው ከአዲስ አስለሰኑት። ለዚያ ደብዳቤ አልጻፉም።

ረቡዕ፣ በሳምንቱ፣ ላይ ፎቅ መግለጫ ስለደረሰ ድልድዩ በይፋ ሆነ። ሁለት ቢላ የፊት ገጹን ሲሠራ በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ አያውቅም። መግለጫው ውስጥ የሌለች አንዲት ሐረግ ጨመረ፤ «ነዋሪዎች በደብዳቤ ያቀረቧቸው አስተያየቶች ግብዓት ሆነዋል» የምትል። ዋና አዘጋጁ «ግብዓት» የሚለውን ቃል ስለሚወዱ አሳለፉለት። ከሥሯ ያለችውን ንዑስ ርዕስ ግን ከመግለጫው ላይ ቃል በቃል እንዲገለብጥ አዘዙት።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሁለት ቢላ እቤት ነበር። ተቆጣጣሪው ጋዜጣቸውን ይዘው ከበረንዳ ወደ ሳሎን ገቡ፤ ይህ ሆኖ አያውቅም። ቆመው፣ ድምፃቸውን ሞርደው አነበቡ።

«"የእግረኞች ድልድይ በጥናቱ መሠረት ታደሰ።" ስሚኝ። "ነዋሪዎች በደብዳቤ ያቀረቧቸው አስተያየቶች ግብዓት ሆነዋል።" ግብዓት። አላልኳችሁም? ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።»

«ይሠራል» አሉ አዋላጇ። ኪሮሹ ይነጉዳል።

ተቆጣጣሪው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ሁለት ቢላም ደስ አለው፣ ይህችን አንዲት ነገር በደንብ ሠርቻታለሁ ብሎ። ተቆጣጣሪው ንባባቸውን ቀጠሉ።

«"ሥራው በአንዲት ግለሰብ ላይ ከደረሰው መጠነኛ ጉዳት ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተገለጸ።"» መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ለካ ሰውም ተጎድቶበታል። ምስኪን። ስሟን እንኳ አልጻፉትም። ቤተሰብ የላትም ይሆን?»

«ይኖራታል» አሉ አዋላጇ። «ጋዜጣ እያነበቡ ይሆናል።»

ሁለት ቢላ ቀና አለ። ኪሮሹ ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ ክሩ ግማሽ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተመኘው ርዕስ መጣለት፤ ከመግለጫ የተገለበጠ፣ የእሱ ያልሆነ። ምንም ደስ አላለውም።

ሦስተኛው ንቅነቃ መሐል ላይ ቀረ። ተቆጣጣሪው ጋዜጣውን አዩ፣ በርጩማው ላይ ያለውን እግር አዩ፣ በተከፈተው በር አሻግረው አዲሱን ደጃፍ አዩ። 

«ደጃፉ ላይ ነው ያልሽኝ?»

«ደጃፉ ላይ ነው።»

«የደጃፉ ደፍ ከፍታው አራት ጣት ነበር» አሉ ተቆጣጣሪው ቀስ ብለው። «ግንበኛው ከማፍረሱ በፊት ለክቼዋለሁ። በአራት ጣት እንዲህ አይታበጥም።»

 ተቆጣጣሪው የጨረታ ማስታወቂያው ገና ሳይነበብ ጋዜጣቸውን በቁመቱ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት፤ በእጃቸው ደልደል አድርገው ደቀደቁት። ከዚያ በርጩማው አጠገብ ተንበርክከው፣ የሚስታቸውን እግር በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ከሥሩ እንደ ትራስ አስገቡላቸው።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አሉ።